በሩን ክፈትላቸው ያለው ሰው

ምክትል መቶ አለቃ ሙሉአለም ወደ አሰብ ሲመደብ ጓደኞቹ አዘኑለት። «ከፀሐይ ጋር ልትዋጋ ነው» አሉት። እሱ ግን ደስ ብሎት ሄደ። በመኮንንነት ተመርቆ ጠመንጃ ቢይዝም ልቡ ሕክምና ላይ ነበር። አባቱ ሐኪም ሳያዩ በሆድ ቁርጠት ሲያርፉ አጠገባቸው ተቀምጦ ያየ ልጅ ነው። ሠራዊቱ ወጣት መኮንኖችን እየመረጠ ሕክምና ያስተምራል ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ የአሰብ ጦር ሰፈር ክሊኒክ የአስተዳደር መኮንን ሲፈለግ ቀድሞ ተገኘ።

ክሊኒኩን የሚመራው ሻምበል ዶክተር ገሠሠ ሳቂታና እጀ ቀልጣፋ ሰው ነበር። ሙሉአለምን እንደ ታናሽ ወንድሙ ያዘው። ቁስል መስፋት አስተማረው፤ የራሱን መጻሕፍት አዋሰው። ባሕሩ ዳር አብረው ዓሣ ሲበሉ፣ «አንተ ሙሌ፣ ጠመንጃው አይመጥንህም። ሐኪም ሳላደርግህ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» ይለው ነበር። ያለውን ሊፈጽምም ለአዛዡ ተናገረለት። ሙሉአለም ፈተናውን አለፈ፤ በ1963 መስከረም ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲገባም ተወሰነለት። እናቱ ወይዘሮ አበዛሽ ወሬውን ሰምተው ለጎረቤት ሁሉ ድግስ ደገሱ።

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያበስልበት ቀትር፣ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ከራሔይታ መንደር በጀልባ መጣች። ሐኪማ ትባላለች። ባሏ ሐማዱ ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ነው። የከተማው ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ሐኪም ለሥራ አሥመራ ሄዶ ስለነበር፣ ሐማዱና ወንድሞቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆሙ። በዚያ ዘመን ሽምቅ ተዋጊው በርትቶ ነበርና አዛዡ ኮሎኔል ሲቪል ሰው ዝር እንዳይል ከልክለዋል።

ሙሉአለም ሴትዮዋን አይቶ ወደ ገሠሠ ሮጠ።

«ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል። እንዲህ ከቆየች ትሞታለች።»

ገሠሠ ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ። «በሩን ክፈትላቸው።»

«ኮሎኔሉስ?»

«እሳቸውን ለኔ ተዋቸው። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። ገሠሠ ቀዶ ጥገናውን ሠራ፤ ሙሉአለም አጠገቡ ቆሞ ደም እየጠረገ፣ የተጠየቀውን እያቀበለ ረዳው። ሴት ልጅ ተወለደች። እናትየውም ተረፈች። ሐማዱ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ «አልሐምዱሊላህ» እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሙሉአለም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ ኮሎኔሉ ሁለቱንም አስጠሩ። «ይህን ሰፈር ገበያ ያደረገው ማነው?»

«በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ሙሉአለም። የቀረውን ለገሠሠ ተወለት።

«ዶክተር፣ አንተ ፈቅደሃል?»

ገሠሠ በእጁ የያዘውን ቆብ አገላበጠ። «እኔ ስደርስ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ነበረች፣ ጌታዬ። ሐኪም ነኝና ልተዋት አልቻልኩም።»

ሙሉአለም ጆሮውን ተጠራጠረ። ዞሮ አየው። ገሠሠ አልዞረም።

«የምትለው አለህ?» አሉት ኮሎኔሉ።

ሙሉአለም አሁን ገሠሠ ይናገራል፣ አሁን አንድ ነገር ይላል እያለ ጠበቀ። «የለኝም፣ ጌታዬ» አለ በመጨረሻ።

በረንዳው ላይ ተከትሎ ደረሰበት። «ሻምበል፣ ምን በደልኩዎት?»

«ሙሌ፣ ውጭ አገር የምማርበት ጉዳይ ሊያልቅ ጫፍ ደርሷል። በዚህ ነገር ስሜ ቢነሣ ይቀራል። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ሌላ ዓመት ይደርስሃል። ስመለስ አስተካክለዋለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

የትምህርቱ ዕድል ለሌላ መኮንን ተሰጠ። ሙሉአለም ደባይሲማ አጠገብ ወዳለ የጠረፍ ጣቢያ ተላከ። እዚያ ውኃና አሸዋ ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ፤ ከገሠሠ አንድ ቃል አልመጣም። በሙሉ ልቡ ሊጠላው ቢሞክርም አልሆነለትም። የሸጠው ሰው መርፌና ክር ያስያዘው ሰው ነበርና፣ በጠላው ቁጥር ከራሱም የሆነ ነገር አብሮ የሚሄድ ይመስለው ነበር።

በ1966 ወታደሩ ሲነሣ ሙሉአለም አሰብ ተመልሶ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ይሠራ ነበር። ገሠሠም ሻለቃ ሆኖ ተመልሷል። ወታደሮቹ «በሕክምና መኮንን እያስቀደመ ተራውን ወታደር በድሏል» ብለው ያዙት። ቀበቶውን ፈትቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከወታደሮቹ ኮሚቴ አሥር አለቃ ፍቃዱ ሙሉአለምን አስጠራው።

«ያውቁታል። እርስዎንም ሸጦዎታል ይባላል። ይናገሩ።»

ሙሉአለም አግዳሚው ላይ ያለውን ሰው አየ። ጸጉሩ ሸብቷል። አንድ ቃል ቢጨምርበት መጥፊያው ነበር።

«በሕክምናው ወታደር ሲበድል አላየሁም።»

«እርስዎንስ?»

«እኔ ታካሚው አልነበርኩም።»

ገሠሠ ተለቀቀ። ውጭ ጠብቆ እጁን ዘረጋለት። «ሙሌ፣ ወንድሜ...»

ሙሉአለም እጁን አልሰጠውም። «ሴትዮዋ አልጋ ላይ ነበረች?» አለው።

ገሠሠ መሬት መሬት አየ። «አልነበረችም።»

ከሁለቱ በቀር የሰማ አልነበረም። ገሠሠ ብዙ ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ሙሉአለም በዚያው ክረምት ሕክምና ለመማር እንደገና አመለከተ። አዲሶቹ ኃላፊዎች በትሕትና ተቀብለውት ዕድሜው ማለፉን ነገሩት፤ ወደ ስንቅና ትጥቅ ክፍሉም ተመለሰ።