እትዬ ዘሀራ ያሳረዱልኝ ዶሮ

መስከረም 5፣ እሑድ። ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ፤ ዛሬ መውሊድ ነው፣ እኔ ግን በሬን ዘግቼ ተደብቄ ነበር።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ለትምህርት የመጣሁት በዚህ ሳምንት ነው። አከራዬ እትዬ ዘሀራ ሙስሊም ናቸው። ለበዓሉ ቢጠሩኝ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሥጋውን አልበላም፤ እምቢ ብል ደግሞ ይከፋቸዋል ብዬ ፈራሁ።

መጥተው በሩን ደበደቡት። «አንቺ ልጅ፣ ውጪ እንጂ! ዶሮሽን የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ አርዶልሻል፤ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠርታ አመጣችልሽ።»

«ለእኔ ብላችሁ?» አልኩ በሩን ከፍቼ።

«ታዲያ በበዓል ቀን ልጄን ጦሟን ላውላት ነበር?»

የየራሳችንን ሳህን ይዘን ጎን ለጎን በላን። (ሁለቴ ተጨምሮልኛል፤ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።)

እናንተስ ሰው አገር ስትገቡ መጀመሪያ «ልጄ» ያላችሁ ማን ነው?

እስካሁን ሰላምታ የሚቀድሙኝ እትዬ ዘሀራ ነበሩ። ነገ ግን በጠዋት ተነስቼ «እንደምን አደሩ» የምለው እኔ ነኝ።