ሚልክያስ እግሩን ያላመነበት ቀን

የዲምቱው ሚልክያስ አሮጌ ላንድሮቨር ዳገት ላይ ከአህያ እኩል ነው የሚሄደው። ሚስቱ አስካለች ሁልጊዜ «በእግሬ እቀድምሃለሁ» ትለዋለች። እሱ ግን «ይሄ ሞተር ሳይጮህ ነው የሚጎትተው፤ የዛሬዎቹ ካልጮኹ አይንቀሳቀሱም» ብሎ ይሟገታታል።

በ1990 ክረምት፣ አንድ ረፋድ ላይ አስካለችን ምጥ ያዛት። ከኋላ አስተኝቷት ወደ ኦቶና ሆስፒታል ገሰገሰ። ዳገቱ ወገብ ላይ ጎማው በጭቃው ይንሸራተት ጀመር፤ በስተግራ ገደል ነው።

«ፍጠን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

ይሄኔ ሚልክያስ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ነዳጅ ከረገጠ ጎማው ተሽከርክሮ ገደል እንደሚገቡ ያውቃል፤ የፈራው እግሩ ግን ልርገጥ፣ ልርገጥ ይለዋል። አላመነውም። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እንዳለ ቀኝ እግሩን አጥፎ ተቀመጠበት። ሞተሩ ነዳጅ የሚረግጥለት ሳይኖር፣ ዱክ ዱክ እያለ ዳገቱን ተያያዘው።

«አስኩ?» ቢላት መልስ የለም። ዞሮ ለማየት ፈራ። ዳገቱ አልቆ እንኳ አልዞረም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶች ሮጠው መጡ። ሚልክያስ ሊወርድ ሲል ተቀምጦበት የነበረው እግሩ ደንዝዞ አልታዘዝ አለውና መሬት ላይ ቁጭ አለ። አስካለች በሁለት ነርሶች ተደግፋ፣ ጥርሷን እንደነከሰች በአጠገቡ አለፈች።

«አላልኩህም?» አለችው። «በእግሬ ቀደምኩህ።»