በባዶ ጀሪካን የተፈተነው ሳንቃ

ልጄ ሜሮን ምሳ በበላንበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ስትጨነቅ ሳይ ነው ያ የቦኖው ሳንቃ ትዝ ያለኝ። ሰኞ ተማሪዎች የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት። "ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ቢመጣበት ሰርቨሩ ይችል እንደሆነ እየፈተንኩት ነው። ሰዎቹ የውሸት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚልካቸው" አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ይሄ ወዲያው ገባኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ጭሮን ሁላችንም አሰበ ተፈሪ በምንልበት ጊዜ፣ ሰፈራችን ቦኖ ውሃ ገባልን። ቦኖው ከቦዩ ማዶ ስለነበር ጠባቂው ኦቦ ሙሜ መሻገሪያ ሳንቃ ጣሉበት። ውሃው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የሰፈሩን ልጆች ጀሪካን አስይዘው ሰበሰቡንና "ኢጆሌ፣ ተጋፉ! ነገ እናቶቻችሁ ተራ የሚጠብቁ ይመስላችኋል?" አሉን። አዲስ የተላገው እንጨት ሽታ፣ የጀሪካኑ ኳኳታ፣ ሳቃችን ዛሬም አብሮኝ አለ። እኔ ሳንቃውን በእግሬ እየዳሰስኩ ስሻገር ግን "አንቺ ፈሪ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?" ብለው አሳቁብኝ።

ሳንቃው ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ እናቶቻችን ሲሄዱም ቻለ። ሲመለሱ ግን ጀሪካኑ ሞልቷል። እናቴ መሀሉ ላይ ስትደርስ ቀጭ አለ። እግሯ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ተኛች። ኦቦ ሙሜ እስክትድን ድረስ በየጠዋቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ ራሳቸው ተሸክመው በራችን ላይ ያስቀምጡ ነበር። "በባዶ ጀሪካን ፈተንኩት" ይሉ ነበር፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

"የአንቺ ሰዎችስ ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት?" ብዬ ሜሮንን ጠየቅኳት።

"እማዬ ደግሞ! ገጹን ከፍተው..." አለችና ሳትጨርሰው ሳቋ ጠፋ። የእውነቶቹ ተማሪዎች ፎቶና ሰርተፊኬታቸውን ነው ይዘው የሚመጡት። ያንን አስይዛ እንደገና ላከቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ሰርቨሩ ቀጥ አለ። "እሰይ፣ እንኳን ዛሬ ወደቀ" አለች።

አሁን እንዲህ ያለው ነገር ሲወድቅ የማንም እግር አይሰበርም፤ ተመስገን ነው። ያኔ ግን ማን እንደወደቀ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ውሃ የሚያደርስለትም አያጣም ነበር። ከገለምሶ በሚኒባስ መጥታ ኢንተርኔት ቤት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሰኞ ገጹ እምቢ ቢላት፣ ማን ያያታል? ሜሮን እያስተካከለች ደጋግማ ትልካቸዋለች፤ "የውሸት ሰዎቼ ስም የላቸውም" ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንዷን የገለምሶዋ ልጅ ብያታለሁ። እሷ ሳታልፍ ከወንበሬ አልነሳም።