የሲሚንቶ እንሰቴና አባ ኮዳዎቹ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ሐዋሳ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ሥራዬ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አዲስ አደባባይ ላይ የሚቆም ነገር እንድሠራ የቀጠረኝ፣ ሥራውን የሚመራው ኢንጂነር መልካሙ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። እኔም ከሰው ቁመት የሚበልጡ የእንሰት ቅጠሎች ከብረትና ከሲሚንቶ ሠራሁ። ሐሳቤ በአደባባዩ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ በእውነተኛ እንሰት መካከል እንዲቆሙ ነበር። ዝናቡ በቅጠሎቹ ላይ ወርዶ ተክሉን ያጠጣል፣ ሰውም ከሥራቸው አረፍ ይላል። ወራት ለፋሁበት፤ እጄ በሲሚንቶ ተበላ።

ምርቃቱ ሲቃረብ የሠሪው ስም የተቀረጸበትን እብነ በረድ አየሁት። «ሐሳብና ሥራ፦ ኢንጂነር መልካሙ» ይላል።

«ኢንጂነር፣ የእኔ ስም የታለ?» አልኩት።

«አንቺማ በእጅሽ ሠርተሻል፤ ያሰብኩት እኔ ነኝ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በዚህም አላበቃም። ለፎቶ ጥላ ያስፈልጋል ብሎ ቅጠሎቼን ከሜዳው አስነሥቶ አደባባዩ ዳር ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር አቆማቸው። ዝናብ የማይደርስበት ቦታ! እብነ በረዱንም አጠገባቸው አስተከለ። በንዴት ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም።

መልካሙ ቦታውን ለማየት የሚመጣው ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ ነው። ዋርካው ሥር መሬቱ ነጭ በነጭ ነበር። የፈሰሰ ኖራ መስሎት ግንበኞቹን ሰድቦ አሳጠባቸው። እነሱም ስድቡ ስላንገበገባቸው ምን እንደሆነ ሳይነግሩት አጠቡት።

እኔ ታቦር ሰፈር ያደግሁ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ኖራ አለመሆኑን አውቃለሁ። እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ቀን ቀን የዓሣ አንጀት ፍለጋ ሐይቁ ዳር ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥተው የሚያድሩት ያ ዋርካ ላይ ነው። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እብነ በረዱን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

ምርቃቱ አመሻሽ ላይ ሆነ። ለዚያ ቀን ብዬ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ከዋርካው ራቅ ያለ ወንበር ያዝኩ።

መልካሙ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ማይክ ጨበጠ። «ይህ ሐሳብ የመጣልኝ አንድ ቀን…» ብሎ ሲጀምር የመጀመሪያው አባ ኮዳ መጥቶ አረፈ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ መንጋው። እሱ ንግግሩን አላቋረጠም። መጀመሪያ ትከሻው ላይ ጧ አለ፤ ከዚያ አናቱ ላይ። የአባ ኮዳ ኩስ እንደ ርግብ አይደለም፣ ጣሳ ሙሉ ነው። እንግዶቹ እየተጯጯሁ ተበተኑ።

አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ይሄ የወፎች ቤት ነው። ሰው አልጠየቅህም?» አሉት።

«ማነው ይህን እዚህ ያቆመው?» ብሎ ጮኸ ልብሱ የተበላሸበት የክብር እንግዳ።

መልካሙ ፊቱን በሶፍት እየጠረገ ጣቱን ቀሰረብኝ። «እሷ ናት! ሐሳቡም የእሷ ነው፣ ሥራውም የእሷ ነው!» ማይኩን ገና አልለቀቀም ነበርና መላው አደባባይ ሰማ።

ብድግ አልኩ። «አዎ፣ የእኔ ነው» አልኩ። «እኔ ያቆምኩት ግን ሜዳው ላይ ነበር። እዚህ ያመጣው እሱ ነው።» ግንበኞቹ በአንድ ድምፅ «እውነቷን ነው!» አሉ።

ቅጠሎቼ ወደ ሜዳው ተመለሱ፤ ዘንድሮ እንሰቱ በዙሪያቸው በቅሏል። እብነ በረዱን ግን የሚያነሳው ሰው ጠፍቶ እዚያው ዋርካው ሥር ቀርቷል። ጓደኞቼ «አሁንስ ይቅር በይው» ይሉኛል። ገና ነኝ። አመሻሽ ላይ ሆን ብዬ በዚያ በኩል አልፋለሁ። እብነ በረዱ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ስሙ አይነበብም። ቆም ብዬ አየውና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ።