የእማማ ዱሬቲን አጥር ነክቶ የሚያልፈው ኩርባ

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ሀብተሥላሴ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ያገኘውን ሒሳብ ይዞ ኮልፌ ላይ ለጣሊያኑ መንገድ ቀያሽ ሒሳብ ሠሪ ሆነ። ሰፈሩ በሹክሹክታ ባንዳ ይለዋል። ይሄ እንኳ ብዙም አላሳፈረውም። የሚያሳፍረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ተሳሳትክ መባል።

ከከተማ የሚመጣው መንገድና ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆነው አንድ ወንዝ አጠገብ ይገናኛሉ። መኪና እንደ ሰው ማዕዘን ላይ ቆሞ አይዞርም። ስለዚህ ሁለቱንም መስመሮች ሳይቆርጥ ነክቶ የሚያልፍ ኩርባ ያስፈልጋል፤ የዚያን ኩርባ እኩልታ ማግኘት የሀብተሥላሴ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ኩርባ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ጠበብ ያለም ሰፋ ያለም፣ የፈለጉትን ያህል አለ። አንዱን የሚመርጠው ሰው ነው። ታዲያ ጌታው ሀብተሥላሴ ምን መረጠ? ክቡ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ መቶ ሜትር ይሁን አለ። ለምን? መቶ ለማባዛት ይቀላላ!

የኩርባው ችካል በእማማ ዱሬቲ ደጃፍ ላይ አረፈ። አሮጊቷ ከጎጇቸው ወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ እንጨት ደጄ ላይ ምን ይሠራል?»

«መንገድ ነው እማማ፤ በቤትዎ ያልፋል። ሒሳቡ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሒሳቡ የት ነው የሚኖረው? ሄጄ ልለምነው።»

ችካል ተሸካሚው ነገሬ ከት ብሎ ሳቀ።

«አይለመንም» አለ ሀብተሥላሴ ኮስተር ብሎ።

«እንግዲያው አንተን ልለምን። ከአጥሬ ወዲያ ባዶ ሜዳ ነው፤ አጥሬን ነክቶ ይለፍ። ቤቱን ተውልኝ፣ ሌላ መጠጊያ የለኝም።»

ሀብተሥላሴ አጥሩን በዓይኑ ለካው። ገብቶታላ! አጥሩ ሦስተኛ መስመር ነው። ሁለቱን መንገዶችና አጥሩን ነክቶ በሜዳው በኩል የሚያልፍ ክብ አንድ ብቻ ነው። ድንኳን ገብቶ ሠራው፤ ከነጥቡ በኋላ ማለቂያ የሌለው አስቀያሚ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩ ያስጠላል፤ መንገዱ ግን ቤቱን ይስታል።

ሁለቱን ሥዕሎች ይዞ ቀያሹ ፊት ቆመ።

«ለመኪና ሁለቱም ይሆናል» አለ ጣሊያኑ ሲጋራውን ሳያወርድ። «ለምን ሁለት አመጣህ? የመጀመሪያው ስህተት አለበት?»

ስህተት የለበትም፣ ሰው አለበት ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሹመኛ መስደብ አይደል፣ ጦር መምዘዝ አይደል! ሀብተሥላሴ ግን የሰማው «ተሳሳትክ» የሚለውን ብቻ ነበር።

«የለበትም፣ ሲኞሬ» አለና አዲሱን ሥዕል ቀደደው።

በማግስቱ እነነገሬ የእማማ ዱሬቲን ጣራ አወረዱ። ነገሬ ዛሬ አልሳቀም። አሮጊቷ ምሰሶዎቻቸውን ሲያሸክሙ፣ ሀብተሥላሴ ቀረብ ብሎ «ምን ላድርግ እማማ፣ ሒሳብ አያዳላም» አለ። ይሄም አፍ ሆኖ ተናገረ!

«ሂድ ከፊቴ!» አሉት። «የሹም ቤት ቢሆን ኖሮ ጎንበስ ብለህ መንገዱን ታጥፈው ነበር።»

ሀብተሥላሴ ከነገሬ መዶሻውን ተቀብሎ፣ ቀጣዩን ችካል ገና ካልበረደው ምድጃቸው ላይ ቸከለ።