አራት መቶ ጊዜ የእናቴ ስም

ፕሮግራሙ ለሠላሳ ቀን በነፃ ይሞከራል። ከዚያ በኋላ ክፈሉ ይላል። ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ የጫነችው የእናቴን መንዙማዎች እንድናስቀምጥበት፣ ስንፈልግ እንድናገኛቸውና እንድናዳምጥበት ነው። በነፃ የሚሠሩም አሉ። አንዱን በስልክ ሞክረነው ነበር። ነቢዩ በሚወደሱበት መሃል የውርርድ ማስታወቂያ ሲገባ ስልኩን አጠፋሁት፤ ዳግም አልከፈትኩትም።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከኩታበር መንገድ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር የምትኖረው። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶች ይሰበሰቡላታል። እሷ ታወጣለች፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ፤ አንዷ ድቤ ትመታለች። እኔ ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ከደመወዜ አጠራቅሜ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ቴፕ ነው። እረፍቴ ሐሙስ ላይ ሲውል ቴፑን ይዤ እወጣና እቀዳታለሁ። መጀመሪያ ቀን ድምፅዋን መልሼ ሳሰማት እስከ መጨረሻው ሰማችና፣

«ስደክም እሱ ይልልኛላ?» አለችኝ።

«ይልልሻል» አልኳት።

በጦርነቱ ከተማውን ለቀን ስንወጣ በአንድ እጄ የልጄን እጅ፣ በሌላው የካሴቱን ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ስንመለስ ቤቱ ውስጥ ከተውነው ግማሹ አልነበረም። ካሴቶቹ ግን ከእኛ ጋር ነበሩ። አልሃምዱሊላህ። ደሴ ወስጄ አንድ ሙዚቃ ቤት ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ። አራት መቶ ከጥቂት ሆኑ። ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር።

«ምን ይላል?» አልኳት ልጄን።

«ያልታወቀ አርቲስት ይላል፣ እማ።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

አራት መቶ ጊዜ። ማሽኑን አልተቆጣሁትም፤ ከየት ያውቃታል? ግን ተነስቼ መሄድ አቃተኝ።

«ስሟን ጻፊበት» አልኩ።

አንድ በአንድ መጻፍ ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጻፍ ግን የተቆለፈ ነው፤ ሲከፈል ነው የሚከፈተው። ልጄ አስተማሪ ናት። ከሥራ መልስ ተቀምጣ ሃያ ያህል ጻፈች።

ታላቅ ወንድሜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ነው የሚኖረው። ብርዱ ሲበረታበት ወደ እኛ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን መጣ፤ ልጄ አሳየችው።

«እናታችንን አርቲስት አደረግሻት?» አለኝ።

«እኔ አላደረግኳት፣ ጋሼ። ቦታው ነው እንደዚያ የሚለው።»

«ስሜ ይነሳ ብላ ታውቃለች? ሰው ሲያመሰግናት እንኳ ውዳሴው የነቢዩ ነው፣ የኔ አይደለም ነበር የምትለው። ስሟን አትጻፊ። ጭራሽ ለዚህ ደግሞ ክፍያ! በገንዘቡ በግ ገዝተሽ ሰደቃ አውጪላት።»

«ሰደቃዋን በየዓመቱ አወጣለሁ።»

«እኮ፣ ጨምሪበት።»

የበጉ ነገር አልገባኝም፤ ሰደቃ አጓድዬባት አላውቅም። የስሟ ነገር ግን ገባኝ። እውነቱን ነው፣ እንዲያ ትል ነበር። እናቴ የማትወደውን እያደረግኩባት እንዳይሆን ፈራሁ። ልጄን መጻፉን አቁሚ አልኳት። ያልታወቀ የሚለውን ማየት ግን አልቻልኩም።

የሚከፈለው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ብዬ ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ነገርኩት።

«ማዘር፣ እዚህ አገር ለሶፍትዌር የሚከፍል ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም። አንተ ግን አሁን እያየህ ነው።»

ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ደንበኛ ሳቀ።

«እኔ ክራክ የተደረገውን እጭንልዎታለሁ። የሻይ ብቻ ይስጡኝ።»

«ክራክ ምንድን ነው?»

«ቁልፉ የተሰበረ።»

«ማን ሰበረው?»

«እኔ እንጃ፣ ከኢንተርኔት የመጣ ነው።»

«ባለቤቱ ያውቃል?»

«ባለቤቱ ፈረንጅ ነው፣ ማዘር! ከደሴ ማን ሄዶ ይነግርብዎታል?»

ፋብሪካው ትዝ አለኝ። ከሥራ ስንወጣ በር ላይ እንፈተሻለን። አንዲት ጓደኛዬ ጨርቅ ከቀሚሷ ሥር ጠምጥማ ትወጣ ነበር፤ «ይህን ሁሉ ለሚያመርት አንድ ሜትር ምኑ ነው?» ትለኛለች። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስፈተሽ አንድ ክር አልተገኘብኝም። ፈታሿን ፈርቼ አይደለም። ፈታሿ ዞር የምትልበት ጊዜ ብዙ ነበር።

«የነቢዩን ውዳሴ በተሰበረ ቁልፍ አልከፍትም» አልኩት።

«እንግዲያ ይክፈሉ! የዶላር ካርድ አለዎት?»

የለኝም። በዚህ አሸነፈኝ። ሰላም ብዬው ወጣሁ። ኮምቦልቻ እስክንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ አሰብኩ። ወንድሜ ጽድቁ በጉ ነው ይላል፤ ኮምፒውተር ጠጋኙ መክፈል ሞኝነት ነው ይላል። ሁለቱም አትክፈዪ ነው የሚሉት። እኔም ብሆን እልኽ ይዞኝ እንጂ ለምን እንደምከፍል ጥርት ብሎ አልታየኝም ነበር።

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ስህተት ሠራሁ።

እኛ መንዙማን በርዕስ አናውቀውም። በመቀበያው ነው የምንጠራው፤ ሴቶቹ እየደጋገሙ በሚመልሱት ቃል። የእናቴን ስም ትተን፣ በቁጥሮቹ ፋንታ ለየመንዙማው መጠሪያ ስንሰጥ ልጄ ታሰማኛለች፤ መቀበያውን እንደሰማሁ እነግራታለሁ፤ እሷ ትጽፋለች፤ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ጨርሰን አንሰማም፤ ብዙ ነው። አንዱን እናቴ የምትወደውን መቀበያ አስራ አንድ ቦታ ጻፍነው።

«እማ፣ ፕሮግራሙ አስራ አንዱ ያው አንድ ነው ይላል። አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ላጥፋው?»

«አጥፊው» አልኳት። ቤት ያጸዳሁ ያህል ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጧት ልጄ ሥራ ሄዳ ብቻዬን ሆኜ የቀረውን አንዱን ከፈትኩት። ዝናብ የቀረ ዓመት እናቴ ለከብቶቹ የለመነችበት ቦታ አለ፤ እሱን ጠበቅኩ። አልመጣም። መንዙማው አለቀ።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩትን ያወቅኩት። መቀበያው ያው ነው። የምታወጣው ግን ሐሙስ በሐሙስ ሌላ ነው፤ የታመመ ሲኖር ለታመመው፣ ልጅ ሲወለድ ለልጁ፣ ዝናብ ሲጠፋ ለዝናቡ። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከተቀባዮቹ አንዷ ነበርኩ።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

«ኮምፒውተሩን እንዳትነኪው!» አለችኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ከአጠገቡ አልተነሳሁም፤ አልነካሁትምም። መጥታ መጣያ የሚሉትን ቦታ ከፈተች። አስሩም እዚያ ነበሩ። መለሰቻቸው። እዚያው ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲያ አስራ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማኋቸው። የዝናቡን አራተኛው ላይ አገኘሁት። በጣም አሮጌው ካሴት ላይ ግን ድቤው ሁሉን ይውጠዋል። ልጄ ፕሮግራሙ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ቦታ አገኘች። ትንሽ ትንሽ አወረደችው። ድቤው ወደ ኋላ ሄደ፤ እናቴ ወደ ፊት መጣች።

መንዙማ የሚያወጣ ሰው በመጨረሻው ቤት፣ በግጥሙ መዝጊያ፣ ራሱን ጠርቶ ዱዓ ማስደረግ የቆየ ልማድ ነው። ሸኾቹ ያደርጉታል። እናቴ ስታደርገው ሰምቼ አላውቅም እል ነበር። አሁን ሰማኋት። ስሟን ከነአባቷ ስም ጠራች። ይህችን ደካማ ባሪያህን አትርሳት አለች፤ ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ዱዓ ያድርግላት አለች። ሴቶቹ አሚን አሉ። ከአሚኖቹ አንዱ የኔ ነው፤ በወጣትነት ድምፄ። ምን ላይ አሚን እንዳልኩ ድቤው አላሰማኝም ነበር።

ልጄ አየችኝ። «ልጻፈው?» አለች።

«ጻፊው።»

«አንድ በአንድ?»

«አይደለም። እንከፍላለን።»

የወንድሜ ልጅ ጅዳ ነው የምትሠራው። ካርድ አላት። ደወልኩላት።

«አክስቴ፣ በቃ ስጦታዬ ይሁን» አለች።

«አይሆንም። በርበሬና ሽሮ እልክልሻለሁ፤ ዋጋው እስኪሞላ።»

«ወላሂ ሠፈሩን ሁሉ ልታበይልኝ ነው በያ!» ሳቀች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ያውቃል?» አለችኝ።

«ይሰማል።»

ሙከራው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቁልፉ መጣ። የተሰበረ አይደለም፤ የኛ ነው። መጀመሪያ እናቴ ሲደክማት ሌሎች ሴቶች ያወጡባቸውን ለይተን በየስማቸው ጻፍን። የቀሩትን ልጄ በአንድ ጊዜ መረጠቻቸው፣ የእናቴን ስም አንድ ጊዜ ጻፈችና ተጫነችው። ያልታወቀ የሚለው ከላይ እስከ ታች ጠፋ። ውድ ነው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ ውድ ነው። የሠሩት ሰዎች እናቴን አያውቋትም፤ ድምፅዋን ከድቤው ሥር ያወጣልኝ ግን የእነሱ ሥራ ነው። የሠራ ሰው ዋጋውን ሲከለከል ፋብሪካ ውስጥ አይቻለሁ። እኔ አልከለክልም። አላህ ይስጣቸው። ድጋሚ የሚላቸውን የሚያጠፋውን ቦታ ግን ልጄ ዘጋችው፤ ለዚያስ አላመሰግናቸውም።

ወንድሜ በሳምንቱ ወረደ። መነጽሩን አድርጎ አየ።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እሷ።»

ከፈትኩለት። መጀመሪያ ደጁን እያየ ነበር የሚሰማው። መጨረሻው ቤት ላይ ስሟን ስትጠራ ፊቱን አዞረ። ሴቶቹ አሚን ብለው ከጨረሱ በኋላ ብቻውን፣ ዘግይቶ፣ አሚን አለ።

ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ።

«ማን ከፈለው?»

«ያንተው ልጅ። በበርበሬ።»

«አብዳችኋል» አለ። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። «ቢሆንም ገንዘቡ ባክኗል።»

«ይባክን፣ ጋሼ።»

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት። በሁለተኛው ከሴቶቹ ጋር እኩል አሚን አለ።