አጭሩ ቀይ ሞላ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ እየጠጣሁ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው «ሞላ! አንተ ሞላ!» ብሎ ጓደኛውን ተጣራ። የተጠራው ረጅም ጠይም ሰውዬ ዞር ብሎ እጁን አነሳለት። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። እኔ ግን ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቀስ ብለው ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። አልፈረድኩባቸውም። ላስረዳቸው ብል ከመኪና መጀመር ነበረብኝ።

ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመትን የጨረስኩበት ክረምት ነው። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱን ልተወው ደርሼ ነበር። የማሽን ሥዕል ስስል፣ ቀመር ስሸመድድ ከርሜ አንዲት ቡሎን እንኳ በእጄ ፈትቼ አላውቅም። ይሄ አናደደኝ፤ እኔ ደግሞ ስናደድ ቁጭ ማለት አልችልም። ከቤታችን፣ ከእሪ በከንቱ ወረድ ብሎ ወዳለው ጋራዥ ሄድኩና ካላሠራችሁኝ አልወጣም አልኩ። ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ለሁለት ሰው የሚበቃ ቱታ ወረወሩልኝ።

እናቴን ማሳመን ነበር የከበደው። እናቴ ብርቄ ፒያሳ ውስጥ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ለብቻዋ ያሳደገችኝም በዚያችው ሱቅ ነው። ሴት ልጇ ወንዶች መሀል በግራሶ ተለውሳ ስትውል ሰፈሩ ምን ይላል ብላ ብዙ አሰበች። መጨረሻ ላይ፣ «ሂጂ፤ ግን አንድ የማይሆን ነገር ካየሁ የዚያን ቀን ያበቃል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን እሺ እንዳልኩ እንኳ በደንብ አልሰማሁም፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

በጋራዡ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ያጉረመርማል፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ በር ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ጭስ ከናፍጣው ሽታ ጋር ተደባልቆ ይገባል። እስከ ዛሬ የተጠበሰ በቆሎ ሲሸተኝ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

ነሐሴ ላይ፣ ሊያገባ የደረሰ አንድ ልጅ ሁለት በር ያላት ነጭ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። ለሠርጉ ዝቅ እንድትልለት ፈልጓል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት፣ ሞላው፣ ወጥቶ አጠር ያለ ሲገባ መኪናው መሬቱን ሊስም ምንም አይቀረው። ጋሽ ሸምሱ ሥራውን ተቀበሉ እንጂ አልገባቸውም። በዚህ መንገድ ላይ ሰው መኪናውን ከፍ ያስደርጋል እንጂ እንዴት ዝቅ ያስደርጋል እያሉ ሲገረሙ ከረሙ። እኔ ግን ልቤ ቆመ። በሥዕል ብቻ የማውቀውን ነገር በእጄ ላየው ነው። ሞላው ከዱባይ እስኪመጣ ድረስ ጋሽ ሸምሱን ቀን በቀን ስጨቀጭቃቸው፣ እንዲያርፉ ብለው ነው መሰለኝ፣ የፊቱን አንዱን አንቺ ትሠሪያለሽ አሉኝ።

የመጣ ዕለት ማታ ደወሉልኝ። ከእናቴ ጋር ሽሮ እየበላን ነበር። ስልክ ላይ የምጮኽ ሰው ነኝ።

«ሞላ መጣ? ቀዩ ነው? አጭሩ? በቃ፣ እሱን ነው የምፈልገው! የድሮውማ ምን ያደርጋል፣ ረጅም ብቻ። በጠዋት እመጣለሁ፣ እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነካው!»

ይሄን ነገር እስቲ መኪና በማያውቅ ሰው ጆሮ ስሙት።

እናቴ ሽሮዋን መብላቷን ቀጠለች። ጠዋት ልወጣ ስል ብቻ፣ እቃ እያነሳች እንደ ዋዛ፣ «ሞላ ከየት ነው የመጣው?» አለችኝ። ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ ስለማታውቅ ደስ አለኝ። «ከዱባይ!» ብያት ሮጥኩ።

ረፋዱ ላይ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ ጎማዋ ወልቆ፣ እኔ ንዝረት ከሚያበርደው አሞርዛተር ጋር የወጣውን የድሮ ሞላ መጭመቂያ ውስጥ አስገብቼ ተንበርክኬበታለሁ። መጭመቂያው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ቡሎን አለው። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እኩል እኩል እያሉ ነው የሚያጠብቁት። የሚፈቱትም እንደዚያው ነው። አንዱ ከቀደመ ሞላው ያመልጣል።

እናቴ በዚህ መሀል ገባች። በሥራ ቀን ሱቅ ዘግታ፣ ነጠላ አጣፍታ፣ ጃንጥላ ይዛ። ጋሽ ሸምሱን ሰላም አለችና፣

«ሞላን ፈልጌ ነበር» አለቻቸው።

እሳቸው ዕቃ ልትገዛ የመጣች መስሏቸው፣ «የትኛውን ሞላ፣ እትዬ? የፊቱን ነው የኋላውን?»

«አጭሩን። ቀዩን።»

«እሱማ ለሠርግ ነው ከዱባይ የመጣው።»

«ለሠርግ?»

«አዎ። ልጅቷ መጀመሪያ የድሮውን ታስወጣ፤ ቀዩ ከዚያ ነው የሚገባው።»

ከመኪናዋ ጀርባ ሆኜ ድምጿን ሰማሁ። «እማዬ?» አልኩ፤ መነሳት ግን አልቻልኩም፣ ቁልፉ ቡሎኑ ላይ ነው። እናቴ ወደ እኔ መጣች፤ ከእኔና ከብረት በቀር ሰው አጣች። «የታለ?» አለች። ጋሽ ሸምሱ ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ቀይ ሞላ አንስተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ ተቀበለችው። ሞላውን አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና ሞላውን አየችው።

«አጭር ነው» አለች።

ከዚያ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሞላውን ሳትለቅ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ጋሽ ሸምሱ ምን እንደተፈጠረ የገባቸው እኔ እያፈርኩ ስነግራቸው ነው፤ እሳቸውማ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሳቁት።

ሳቁ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እናቴ ግን ዓይኗን ጠራርጋ እጄ ላይ ያለውን ብረት ማየት ጀመረች። ቢያመልጥ ምን ያደርጋል ብላ ጋሽ ሸምሱን ጠየቀች። እሳቸው መዋሸት አያውቁም፤ ፊት ካገኘ ፊት፣ እጅ ካገኘ እጅ ይሰብራል አሏት። ፊቷ ተለዋወጠ። ሞላውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ቤዛ፣ ተነሺ። ልብስሽን ቀይሪ፣ እንሂድ።»

ያበቃል ያለችው ቀን ይሄ እንደሆነ ገባኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህ ነበር፤ አፌ እንደሆነ ከእጄ ይፈጥናል። ግን ቡሎኑ ግማሽ ላይ ነበር።

«አሁን ከለቀቅኩት ነው የሚያመልጠው» አልኳት። «ልጨርሰውና ልነሳ። ጠብቂኝ።»

ምን ምርጫ አላት፣ ጠበቀችኝ። እኔም ቀና ሳልል ቀጠልኩ፤ በግራ ትንሽ፣ በቀኝ ትንሽ፣ እንደገና በግራ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ በቆሎ አስመጥተውላት ያዘችው እንጂ አልበላችም። የድሮው ሞላ ወጣ። ቀዩን አስገባሁ፣ አሰርኩ፣ ቦታው መለስኩ። በመሀል ሰረቅ አድርጌ ሳያት እኔን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው።

«ይቺ ልጅ» አለቻቸው ለጋሽ ሸምሱ፣ ቀስ ብላ፣ «መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ ስላት በሁለተኛው ሙከራ የምትወረውር ናት።»

ጋሽ ሸምሱም፣ «እዚህ አንድም ነገር ወርውራ አታውቅም» አሏት።

ተነሺ ያለችኝን አልደገመችውም። ሌሎቹን እሳቸው እስኪጨርሱ ተቀመጠች፤ በቆሎውንም በላች። መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ፣ መቆም ካለባት አልፋ ዝቅ፣ ዝቅ ስትል፣ እናቴ ብድግ አለች። «ሰመጠች እኮ! ሰበራችኋት?» እንደዚያ ነው የምትሆነው ብንላት አላመነችም፤ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

ወደ ቤት ስንሄድ በአንድ ጃንጥላ ነበርን። ቱታዬ ነጠላዋን እንዳይነካ ሸሸት ስል እየጎተተች ታስጠጋኛለች። በራችን ላይ ስንደርስ ቁልፍ እየፈለገች፣

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አለችኝ።

ያ ሰፈር አሁን ፈርሶ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ጋሽ ሸምሱም ከከተማው ዳር ጋራዥ ከፍተዋል። እኔ ዘንድሮ ተመረቅኩ። ያንን ክረምት ሳስበው፣ እናቴ ያን ማታ ቤት ውስጥ «ሞላ ማነው?» ብላ አፋጥጣኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ቱግ ብዬ የማይሆን ነገር እናገር ነበር፤ እሷም ቃሏን አታጥፍም። ጋራዡም ያበቃል፣ ትምህርቱም ምናልባት። ታውቀኛለቻ። ለዚያ ነው ሱቋን ዘግታ ራሷ ልታይ የመጣችው፤ አይታም የተቀመጠችው። ካደረገችልኝ ሁሉ እንደዚያ ቀን የማመሰግናት የለም።

በቀደም ከቴዎድሮስ አደባባይ ሚኒባስ ተሳፍረን ከፊት ጓ፣ ጓ የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ እናቴ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብላ የቀኙ አሞርዛተር ስላለቀ እንዲያሳየው መከረችው። ሹፌሩ በመስታወት አያትና፣ «እናት፣ መካኒክ ነዎት እንዴ?» አላት።

«እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት» አለች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ በጣቷ እያሳየች።

ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። አላረምኳትም።